ሮኬታችንና የእማማ በርበሬ

ወዳጄ፣ ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ላጫውትህ። ሮኬት ሲባል ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ስንት ሜትር ይወጣል?» ብሎ ነው። ልጆቹ ይሄንኑ ጠየቁኝ፤ ጎማ መንፊያ ያዋሰን ጎሚስታም ይሄንኑ ጠየቀኝ። «እንዴት ይወርዳል?» ያሉኝ በርበሬያቸውን ፀሐይ ላይ ያሰጡት እማማ ብቻ ናቸው። እሳቸውም የጠየቁኝ ከወረደ በኋላ ነው፤ ያውም ስጡ መሃል።

ትክል ድንጋይ የሄድኩት ለሮኬት አልነበረም። የሄድኩት ለእህቴ ጃንጥላ ነው። እህቴ እዚያው ትክል ድንጋይ ትኖራለች፤ ላይ አርማጭሆ፣ ከጎንደር ወደ ሳንጃና ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ። ለጥምቀት ጎንደር መጥታ ሳለ ነፋስ ጃንጥላዋን ገልብጦ ሽቦውን አጣመመባትና ስትመለስ እኔ ጋ ትታው ሄደች። «ቅዳሜ ገበያ አሠርተህ አምጣልኝ፤ ጥር ሳይወጣ ሠርግ አለብኝ፣ ያለ ጃንጥላ ፀሐዩን አልችለውም» አለችኝ። ታላቄ ናት፤ እሷ ካዘዘች እምቢ ማለት በቤታችን አልተለመደም።

የቅዳሜ ገበያው ጠጋኝ ጃንጥላውን ከፈት ዘጋ አደረገና ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ ሽቦው አልቆለታል፤ ጨርቁ ግን ገና አዲስ ነው» ብሎ ጨርቁን ፈትቶ፣ በወግ አጥፎ ሰጠኝ። ሰማያዊ ነው፣ ነጫጭ አበባ ያለበት፤ ውሃ የማያስገባ ጥሩ ጨርቅ። እኔም «ይህን ላሳያትና ሽቦ ይገኝ እንደሆን እንመካከራለን» ብዬ በፌስታል ይዤው ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። በዚያን ሰዓት አንድ ሱቅ ገብቼ አዲስ ጃንጥላ ብገዛላት ኖሮ ይህን ሁሉ የማወራልህ ነገር አይኖርም ነበር።

ስደርስ እህቴ የለችም። ሠርግ ቤት እንጀራ ለመጋገር ሄዳለች። ግቢው ውስጥ ያገኘሁት ልጇንና የትምህርት ቤቱን የሳይንስ ክበብ ጓደኞቹን ነው፤ አንድ ካርቶን ከበው ተቀምጠው ይነታረካሉ። ካርቶኑ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከሚኖር ዘመዳችን የመጣ ነው። ኦሮራ ብዙ አበሻ ያለባት ከተማ ናት። ዘመዳችን ለጥምቀት ሲመጣ ለእህቴ ልጅ የመጫወቻ ሮኬት ይዞለት መጣ፤ የወረቀት ቱቦ፣ ከቀላል እንጨት የተቆረጡ ክንፎች፣ የፕላስቲክ አፍንጫ፣ ስፋቷ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነች የላስቲክ ፓራሹት። ሞተሩ ግን የለም። ሞተሩ ውስጡ ባሩድ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ በእጅም በሻንጣም ይዞ መሳፈር ክልክል ነው። ስለዚህ ልጆቹ እጅ ላይ ያለው ሁሉ ነገሩ የተሟላ፣ የሚነሣበት ነገር ብቻ የሌለው ሮኬት ነው።

እኔ ጎንደር ፊዚክስ አስተምራለሁ። ለፊዚክስ መምህር እንዲህ ያለ ካርቶን አሳይተህ «በል እህትህ እስክትመጣ ተቀመጥ» ማለት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ጃንጥላውን ረስቼ ከልጆቹ መሃል ቁጭ አልኩ።

መመሪያው ላይ «ሲ6-5» የሚል ጽሑፍ ነበር፤ ልጆቹም የሚነታረኩት በእሱ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ፊደሉ የሞተሩን ጠቅላላ ጉልበት ይነግርሃል። የ«ኤ» ሞተር ሲበዛ 2.5 ኒውተን ሴኮንድ ይሰጣል፤ «ቢ» እስከ 5፣ «ሲ» እስከ 10፣ «ዲ» እስከ 20 ይደርሳል፤ ፊደሉ አንድ ደረጃ ባደገ ቁጥር ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው 6 ሞተሩ በአማካይ ስንት ኒውተን እንደሚገፋ ነው። የመጨረሻው 5 ደግሞ ነዳጁ ካለቀ በኋላ ሮኬቱ በራሱ ግፊት የሚንሳፈፍበት አምስት ሴኮንድ ነው፤ አምስቱ ሲያልቅ ትንሽ ባሩድ ወደ ላይ ፈንድታ አፍንጫውን ትገፋና ፓራሹቱን ታወጣለች። ሞተር መረጥክ ማለት እንግዲህ ፓራሹትህ የሚከፈትበትን ሰዓትም አብረህ መረጥክ ማለት ነው። ሴኮንዱ ካነሰ ሮኬቱ ገና በፍጥነት ሲወጣ ፓራሹቱ ይከፈትና ክሩ የወረቀቱን ቱቦ ይሰነጥቀዋል። ከበዛ ደግሞ ቁልቁል መውረድ ከጀመረ በኋላ ይከፈትና ጨርቁ ይተረተራል። ሰዓቱን የሚመርጥ ሰው የሮኬቱን ክብደት፣ የሞተሩን ጉልበትና የቦታውን አየር አንድ ላይ ማሰብ አለበት። ይህን ሳስረዳ ልጆቹ ዝም ብለው አዳመጡኝ፤ ከክፍሌ ውጭ እንዲህ የተሰማሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ይህን ሞተር ያሰበው ፈረንጅ ኦርቪል ካርላይል ይባላል፤ በ1954 እ.አ.አ. ነብራስካ ግዛት፣ ኖርፎክ በምትባል ከተማ የጫማ ሱቅ የነበረው ሰው ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ስትልክ የአሜሪካ ልጆች ሁሉ ሮኬት ሮኬት አሉ፤ በየጓሮው በቧንቧ ውስጥ ባሩድ እየጠቀጠቁ እጃቸውን ያጡ፣ የሞቱም ነበሩ። ሃሪ ስታይን የተባለ የሚሳይል ባለሙያ የካርላይልን ሞተር ሲያይ ልጆቹን የሚያድነው ይህ መሆኑ ገባው። ባሩዱ በፋብሪካ ተጠቅጥቆ፣ በወረቀት ቱቦ ታሽጎ፣ ልጁ ሳይነካው የሚሠራ ነው። ቨርን ኤስቲስ የሚባል ሌላ ሰው ደግሞ በ5 ሴኮንድ ተኩል አንድ ሞተር የሚሠራ ማሽን ሠርቶ ስሙን «ሜበል» አለው፤ ድርጅቱም እዚያው የእኛ ዘመድ ያለበት ኮሎራዶ ነው የነበረው።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከልጆቹ አንዱ፣ ዝምተኛው፣ «ጋሼ፣ ባሩድማ እኛ አገር መች ጠፋ?» ሲለኝ ደሜ ቀዘቀዘ። እውነቱን ነው፤ አርማጭሆ ውስጥ ጥይት ያላየ ልጅ የለም። ያን ጊዜ ቆጣ ብዬ ተናገርኩ። ጥይት ፈትቶ ባሩድ ማውጣት፣ ክብሪት ልጦ መጠቅጠቅ፣ ስኳርና ማዳበሪያ መቀላቀል፣ ይህን የሚያስብ ልጅ ካለ አሁኑኑ ይነሣ አልኩ። ማንም አልተነሣም። ልጁም «እሺ ጋሼ» አለ፤ አስቀይሜው እንደሆነ ብዬ ቡና ቁርሱን ለእሱ አስቀደምኩለት።

ነገርን ነገር ያነሣዋልና፣ የእኛ አገር መጀመሪያ ሮኬት ያየው በአፄ ቴዎድሮስ ጊዜ ነው አልኳቸው። ንጉሡ የቋራ ሰው፣ የዚሁ የእኛ ምድር ልጅ ናቸው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሠራተኞች ሰብስበው መድፍ አሠሩ፤ ትልቁን ሴባስቶፖል አሉት፣ ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝነውን። በተራራና በገደል አስጎትተው መቅደላ አደረሱት። ከዚያ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ሲመጡ፣ መቅደላ አጠገብ አሮጌ በሚባል ሜዳ ላይ፣ ከባሕር ኃይላቸው የመጣ አንድ ጓድ የመተኮሻ ቱቦዎቹን በበቅሎ ጭኖ አምጥቶ ሮኬት ተኮሰ። ዊልያም ሄል የሚባል እንግሊዛዊ የሠራው ዓይነት ነው፤ የኋላ እንጨት የለውም፣ በጭሱ ግፊት ራሱን እያሽከረከረ ነው ቀጥ ብሎ የሚሄደው። የንጉሡ የጦር መሪ ፊታውራሪ ገብርዬ የወደቁት በዚያ ቀን ነው። ልጆቹ የገብርዬን ስም ሲሰሙ ቀና ቀና አሉ። እኔም የተሰማኝ ይህ ነው፤ መጀመሪያ የደረሰን ሮኬት ተመልሶ እንዲወርድ ያልታሰበ ነበር። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ 70 ኪሎ ያህል የምትመዝን የራሳችን ሳተላይት ከቻይና ተወነጨፈች፤ መረጃዋን የተቀበልነው እንጦጦ ላይ ነበር፤ እሷም ብትሆን የተላከችው እንድትመለስ አይደለም። የእነዚህ ልጆች ሮኬት ግን ሠርቶ፣ ወጥቶ፣ ሳይሰበር እጃቸው ላይ ተመልሶ ሲገባ ማየት ከልቤ ፈለግኩ። የተከተለው ሁሉ የመጣው ከዚህ ፍላጎት ነው።

ባሩድ ከሌለ ውሃ አለ። ልጆቹ የውሃ ሮኬት ሰምተው አያውቁም ነበር። ሁለት ሊትር የሚይዝ የለስላሳ ጠርሙስ አምጡ አልኩ፤ ሃይላንድ አይሆንም። የታሸገ ውሃ ፕላስቲክ ስስ ነው፣ የጋዝ ግፊት እንዲችል አልተሠራም፤ የለስላሳው ግን ከመጀመሪያውም ግፊት ይዞ እንዲኖር የተሠራ ነው። ሲሶውን ውሃ ትሞላለህ፣ አፉን የካላማዳሪያ ቫልቭ በገባበት ቡሽ ትደፍናለህ፣ አንገቱን በሚስማር ቆልፈህ ሲባጎ ታስርበታለህ፣ ከዚያ አየር ትነፋለህ። ጎሚስታው ግፊት የሚቆጥር መንፊያ ስላለው ከእሱ ተዋስን፤ እሱም ሥራውን ትቶ ተከተለን። 4 ባር ላይ አቆምን። ከዚያ በላይ እንዲነፉ አልፈቅድም፤ ሲነፋም ማንም ጠርሙሱ ላይ እንዳያጎነብስ፣ ሲባጎውም ረጅም እንዲሆን አዘዝኩ።

ስሌቱ ራሴን አስገርሞኛል። የ«ሲ6» ሞተር ሲበዛ 14 ኒውተን ገደማ ነው የሚገፋው። ይህ ጠርሙስ 4 ባር ላይ ሲለቀቅ በመጀመሪያዋ ቅጽበት ወደ 300 ኒውተን ይገፋል፤ ውሃውን ከሞላ ጎደል የሚተፋው ግን ከአንድ ሴኮንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ነው። ጉልበቱን በጊዜው ስታባዛው 15 ኒውተን ሴኮንድ አካባቢ ይመጣል፤ በፈረንጆቹ ፊደል «ዲ» ማለት ነው። ትክል ድንጋይ ላይ፣ ያለ አንዲት ፍሬ ባሩድ፣ የ«ዲ» ሞተር ሠራን። ልጆቹ «ዲ! ዲ!» እያሉ ግቢውን ሲዞሩ እኔም ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ወደ ፓራሹቱ እንምጣ። ከኮሎራዶ የመጣችው ባለ 30 ሴንቲ ሜትሯ ለዚያች ለወረቀት ሮኬት የተለካች ናት። የእኛ ጠርሙስ ክንፉና አፍንጫው ተጨምሮ ባዶውን 150 ግራም ያህል ይመዝናል። በዚያች ፓራሹት ብንለቀው በሴኮንድ ሰባት ሜትር ተኩል እየተጣደፈ ይወርዳል፤ ከሦስት ሜትር ጣራ ላይ የተወረወረ ያህል ይመታል ማለት ነው። በሴኮንድ 4 ሜትር እንዲወርድ ከፈለግህ ባሕር ዳርቻ ላይ፣ ጅቡቲ ወይም ምፅዋ ብትሆን፣ 50 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ይበቃሃል። እኛ ግን ደጋ ላይ ነን። በጎንደር ከፍታ፣ ከባሕር ወለል 2100 ሜትር ላይ፣ አየሩ ከባሕሩ አየር ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሮኬቱን ሲወጣ ብዙም አይይዘውም፤ ፓራሹቱንም ሲወርድ ብዙም አይደግፈውም። ስለዚህ ለእኛ 57 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል። የውጭ መመሪያ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ የሚወስድ የደጋ ሰው ሮኬቱን ይሰብራል። የእህቴ ልጅ ይህን ደብተሩ ላይ ጻፈ፤ 57 የሚለውንም ሁለቴ አሰመረበት።

57 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ፌስታል ፈለግን። የተገኘው ጥቁሩ ቀጭን ፌስታል ነው፣ ሲጎትቱት የሚተረተረው። አንዷ ልጅ የሚስማማ ፌስታል ቤቷ እንዳለ ነገረችን፤ ቤቷ ግን ሩቅ ነው፣ ፀሐዩም እያዘቀዘቀ ነው። ያን ጊዜ ዓይኔ ከጎኔ ያለው ፌስታል ውስጥ ያለ ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ዐረፈ።

የጃንጥላ ጨርቅ ሲዘረጋ አንድ ሜትር ይሰፋል። ስምንት ማዕዘን አለው፣ ማዕዘኑ ሁሉ ለሽቦ የተሰፋ ጫፍ አለው፣ ክር ለማሰር የተዘጋጀ ነው። እጄ ሲዳስሰው ፓራሹት ሆኖ ነው የታየኝ። ጨርቁ 60 ግራም ያህል ይጨምራል፤ ቢሆንም በዚያ ስፋት ሮኬቱ በሴኮንድ ከ3 ሜትር ባነሰ ፍጥነት ይወርዳል፣ መሬት ሲደርስ አይሰማውም ብዬ አሰላሁ። ስምንት ክር፣ እያንዳንዱን ከጨርቁ ስፋት በለጥ አድርገን ቆረጥን፤ ፓራሹቱ ሲከፈት ንጥቂያውን እንዲያበርድ የቀሚስ ላስቲክ አሰርን። መሃሉ ላይ ቀዳዳ መቅደድ እንደሚገባ አውቃለሁ። አንድሬ ዣክ ጋርነረን የሚባለው ፈረንሳዊ በ1797 እ.አ.አ. ፓሪስ ላይ ከባሉን ሲዘል ፓራሹቱ ቀዳዳ ስላልነበረው ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ነው የወረደው፤ ቀዳዳ ቢኖረው አየሩ በመሃል ያልፍና ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ግን የእህቴን ጨርቅ በምን አንጀቴ ልቅደደው? ስታየው እንዳለ መሆን አለበት። አልቀደድኩትም።

ከከተማው ዳር ወዳለ የታጨደ ማሳ ሄድን። የጥር ከሰዓት ነፋስ መንፈስ ጀምሯል፤ እኔ ግን የማየው ጠርሙሱን ነው። ጎሚስታው ነፋ፣ የእህቴ ልጅ ሲባጎውን ያዘ፣ ልጆቹ ከአምስት ወደ ታች ቆጠሩ። ሲባጎው ሲሳብ ውሃው በአንድ ጊዜ ተበተነና ጠርሙሱ ከዓይናችን ጠፋ። ሽቅብ ፈልገን ስናገኘው ትንሽ ነጥብ ሆኗል፤ ከሠላሳ ሜትር በላይ ወጥቷል ብዬ ዛሬም እምላለሁ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ቀስ አለ፣ አፍንጫው ተለየ፣ ሰማያዊው ጨርቅ ተዘረጋ። ያን ጊዜ የጮኹትን ጩኸት ብትሰማው! ጎሚስታው አቅፎ አነሣኝ።

የሚቀጥለው ነገር ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ሮኬቱ ይወርዳል፤ ግን ወደ እኛ አይደለም። ከላይ መሬት እስኪደርስ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ሴኮንድ ይፈጃል፤ በሴኮንድ አምስት ሜትር የሚሄድ ነፋስ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከስልሳ ሜትር በላይ ይወስደዋል። ማሳው ደግሞ በዚያ አቅጣጫ ስልሳ ሜትር የለውም። የእሾህ አጥሩን ተሻገረ፣ የቆርቆሮውን ጣራ ተሻገረ፣ ከዚያ ጨርቁ ረገብ አለና ወረደ። ወዲያው ማስነጠስ ሰማን፤ የአንድ ሰው አይደለም፣ የብዙ ሰው።

ሮጠን በሩ ላይ ስንደርስ እማማና አምስት ስድስት ሴቶች ሰሌን ላይ በርበሬ ሲቀነጥሱ ነበር። ጠርሙሱ የወደቀው ስጡ መሃል ነው። ጃንጥላው ነፋስ ይዞ ጠርሙሱን ከዳር እስከ ዳር ጎትቶታል፤ ቀይ አቧራ ግቢውን ሞልቷል። ከዚህ የባሰው ግን ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ውሃ ነው። የደረቀ በርበሬ ውሃ ከነካው ይሻግታል፤ አንድ የሻገተ ዛላ ካልተለቀመ ወፍጮ ቤት ሄዶ ዓመቱን ሙሉ የሚበላውን ያበላሻል። ይህን ለማወቅ መምህር መሆን አያስፈልግም። እኔ በሩ ላይ በነጭ ሸሚዜ ቆሜያለሁ፣ ከኋላዬ የሳይንስ ክበቡ በሙሉ፣ ከሱም ኋላ መንፊያ የያዘ ጎሚስታ።

እማማ አስነጥሰው ሲጨርሱ ቀና አሉ። «ይሄ የማን ነው?» አሉ።

«የኔ ነው፣ እማማ» አልኩ።

«የማን ልጅ ነህ?»

ተናገርኩ። የእህቴንም ስም ጠራሁ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። «አስተማሪው ነው!» አለች አንዷ። «እንዴት እንደሚወርድ ሳታውቁ ነው ሰማይ የምትልኩት?» አሉ እማማ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው በተማሪዎች ፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠየቅ መልሱ ቢኖረውም ከጉሮሮው አይወጣም። ስለ ነፋሱ፣ ስለ ሴኮንዱ፣ ስለ ስፋቱ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ በርበሬው ገባና አሳለኝ።

«በል ተቀመጥ፤ የረጠበውን ለቅመህ ትለያለህ» አሉኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፣ ተማሪ ፊትም ስንቴ ጠቅሼዋለሁ። ጫማዬን አውልቄ ሰሌኑ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ልጆቹም ተቀመጡ፣ ጎሚስታውም ተቀመጠ። የረጠበውን ዛላ ወደ ቀኝ፣ ደረቁን ወደ ግራ። ሴቶቹ እጃቸው ሳይታይ ይሠራሉ፤ የእኔ እጅ አንዱን ዛላ ሦስቴ ያገላብጠዋል። በዚህ መሃል ላብ ወደ ዓይኔ ወረደ፣ ጠረግሁት፤ በበርበሬ እጅ።

ወዳጄ፣ ያን ሕመም አልዘረዝርልህም። ዓይኔ ተዘጋ፣ እንባዬ በጉንጬ ወረደ፣ አፍንጫዬም ተከተለ። ባሰብኝና ሁለተኛውንም ዓይን ጠረግሁ። አንዷ ሴት ወተት ልታመጣ ተነሣች። እኔ ከሴቶች መሃል፣ በባዶ እግሬ፣ ራሴን ይዤ ስንሰቀሰቅ አንድ ሽማግሌ በበሩ ሲያልፉ አዩኝ። ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ገብተው ትከሻዬን ያዙና «አይዞህ ልጄ፤ እግዜር ያጥናህ። የሁላችንም መንገድ ነው» አሉኝ። «በርበሬ ነው» ልል ፈለግኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ልቅሶ ነው። ሽማግሌው ከንፈራቸውን መጠጡ፣ ሴቶቹን አዩ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አቀርቅረዋል። የሚስቁ መሆኑን ሽማግሌው በምን ይወቁ? «ማን ይሆን?» እያሉ ወጡ።

ሠርግ ቤቱ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ወሬው ከሽማግሌው ቀድሞ ደረሰ መሰለኝ፤ ወተቱ ዓይኔን ገና ሳያበርድልኝ እህቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እጇ ሊጥ እንደነካ፣ ደረቷን እየመታች ገባች። ሁለት ሴቶች ደግፈዋታል።

«ማነው? ማንን ነው ያጣነው? ንገረኝ!»

«ማንም አልሞተም፣ እታለም።»

«እና ምን ሆነህ ነው?»

«በርበሬ ነው።»

ዝም ብላ አየችኝ። ነጠላዋን ቀና አደረገች። ከዚያ ዓይኗ ከእኔ ወደ ልጇ፣ ከልጇ ወደ ጠርሙሱ፣ ከጠርሙሱ ወደ ሰማያዊው ጨርቅ ሄደ። ነጫጭ አበባዎቹ አሁን ቀይ ሆነዋል። ስምንቱን ክር በጣቷ አንድ በአንድ አነሣችና «ሽቦው የታለ?» አለችኝ። ደርቃ ቀረች፤ ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ያ ነው የበለጠ ያቃጠለኝ።

ነገሩን የፈረዱት እማማ ናቸው። የረጠበው በርበሬ ተለይቷል፣ ፀሐይ ይጨርሰዋል አሉ፤ ይቅርታውንም ሰጡን። ጨርቁን ግን አልመልስም አሉ። ሌሊት ጤዛ ሲወርድ ስጡን የሚያለብሱበት ውሃ የማያስገባ ነገር ሲፈልጉ ቆይተዋል፤ ካሣቸው ይሄ ነው። እህቴም «ይገባዎታል» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ከዩኒቨርሲቲ ያልተማርኩትን ነገሩኝ። «እህል ስናዘራ መጀመሪያ እፍኝ ገለባ ወደ ላይ በትነን እናያለን፤ ነፋሱ ወዴት እንደሚወስድ ገለባው ይነግርሃል። ከዚያ ፍሬው እንዲወድቅ የምትፈልገውን ቦታ ትመርጥና አንተ ከነፋሱ በላይ ትቆማለህ። ከማሳው ጥግ ሳይሆን ከወዲያኛው ጫፍ ብትተኩሱት ማሳው ላይ ይወርድላችሁ ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሣ፣ እንዲያ አደረግን። ልጅቷ ጠንካራውን ፌስታል ከቤቷ አመጣች፤ 57 ሴንቲ ሜትር ለክተን ቆረጥነው፣ መሃሉንም በስኒ አፍ ልክ ቀደድነው። የእህቴ ልጅ ገለባ በተነ፣ ሁላችንም ገለባው የሄደበትን አየን፣ ማስወንጨፊያውን ከነፋሱ በላይ ተከልን። ሮኬቱ ወጣ፣ ተከፈተ፣ ብዙም ሳይወዛወዝ ማሳው መሃል ወረደ፤ ክንፉ እንኳን አልተላቀቀም። እማማ ከአጥራቸው በላይ ሲያዩ ነበር። እህቴ ለሠርጉ የእኔን ጥቁር ጃንጥላ ይዛ ሄደች፤ አልመለሰችልኝም፤ አልጠየቅኋትም።

ያልተፈታው የፓራሹቱ መክፈቻ ነው። ባሩድ ስለሌለን አፍንጫው የሚለየው ሮኬቱ ሲዘገይ በራሱ ነው፤ አንዳንዴ ይቀድማል፣ አንዳንዴ ጭራሽ እምቢ ይላል። ከመሬት እስከ ጫፍ ሦስት ሴኮንድ ገደማ ነው ያለን። ዝምተኛው ልጅ አንድ ሐሳብ አምጥቷል፤ በመጠምዘዣ የሚሄድ የአሻንጉሊት መኪና ውስጥ ያለው ጥርስ ሦስት ሴኮንድ ቆጥሮ ላስቲክ ቢፈታስ አለኝ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ በሌላ አገርም የውሃ ሮኬት የሚሠሩ ሰዎች እንዲሁ ያደርጋሉ፣ እሱ ግን ከማንም አልሰማውም። እንግዲህ ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ገበያ ወርጄ የምትጠመዘዝ መኪና እፈልጋለሁ፤ ባትሪ የሌላት መሆን አለባት፣ ባትሪ ያላት ከባድ ናት።